ለአነስተኛ ቢሮ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር መገጣጠም፦ ከሶኬቱ ፍተሻ እስከ መጀመሪያው የሥራ ቀን

ለቢሯቸው ኮምፒውተር የሚገጣጥሙ ሰዎች የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ግን ይደጋገማሉ። ስሌቱን የሚሠራው ፕሮሰሰር ውድ ሆኖ ለክፍሎቹ ሁሉ ኃይል የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ከኬዙ (ከውጭ ሣጥኑ) ጋር በነጻ የመጣ ይሆናል። አምስቱ ኮምፒውተሮች አምስት ዓይነት ስለሚሆኑ አንዱ ሲበላሽ ከሌላው ክፍል አውጥቶ መሞከር አይቻልም። ወይም ሁሉም ነገር ኬዝ ውስጥ ከታሰረ በኋላ አልነሳ ይልና የመጨረሻው ብሎን ድረስ እንደገና ይፈታል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው አዲስ አበባ ውስጥ አምስት ጠረጴዛ ላለው፣ ሒሳብ ለሚይዝ፣ ደብዳቤ ለሚጽፍና ኢንተርኔት ለሚጠቀም ድርጅት ነው። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ወይም የሕንፃ ንድፍ ለሚሠራ ቢሮ የክፍሎቹ ምርጫ ይለያል፤ የአገጣጠሙ ቅደም ተከተል ግን ያው ነው።

ደረጃ 1፦ ሶኬቱን ይፈትሹ

ገና አንድም ዕቃ ሳይገዙ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጥሩ። ሁለት ነገር እንዲለካልዎ ያድርጉ።

የመጀመሪያው ቮልቴጁ ነው። መደበኛው 220 ቮልት ነው። ጠዋት፣ እኩለ ቀንና አመሻሽ ላይ ይለካ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ «ደህና ነው» የሚል ሠራተኛ ሥራውን አልጨረሰም። ቁጥሩ ከ200 በታች የሚወርድ ወይም ከ240 በላይ የሚወጣ ከሆነ፣ ቮልቴጅ የሚያስተካክል ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪው ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ዕቃ) የግድ ያስፈልግዎታል።

ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ኧርዝ የሚሉት የመሬት ሽቦ ነው። ሶኬቱ ሦስተኛ ቀዳዳ ወይም የጎን ብረት ስላለው ብቻ ሽቦው ከበስተጀርባ ተገናኝቷል ማለት አይደለም። የኮምፒውተሩን ኬዝ ሲነኩ ጣትዎን በቀስታ የሚነዝርዎ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የመሬት ሽቦው የለም። የስፒናውን ሦስተኛ እግር ቆርጠው ሁለት ቀዳዳ ባለው ማከፋፈያ ላይ አይሰኩ። ይህ ሠራተኛዎን ለአደጋ ያጋልጣል፤ ዕቃውንም ቀስ በቀስ ይጎዳል።

ደረጃ 2፦ የክፍሎቹን ዝርዝር ይጻፉ፤ አምስቱንም አንድ ዓይነት ያድርጉ

ለሥራ አስኪያጁ የተሻለ፣ ለጸሐፊዋ ያነሰ መግዛት የተለመደ ነው። አያድርጉት። አምስቱ አንድ ዓይነት ሲሆኑ አንዱ አልነሳ ሲል ከጎኑ ካለው ራሙን (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታውን) ወይም ፓወር ሰፕላዩን አውጥተው ይሞክራሉ፤ ጥፋተኛውም በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይታወቃል።

*ፕሮሰሰር።* ለቢሮ ሥራ ኢንቴል ኮር አይ 3 12100 በቂ ነው፤ 4 ኮር አለው፣ ምስል የሚያወጣው ክፍልም ከውስጡ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከቁጥሩ መጨረሻ ኤፍ የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ካለ ያ ፕሮሰሰር ምስል አያወጣም፤ ለብቻው የግራፊክስ ካርድ ይጠይቃል። በዋጋ ስለሚረክስ ያጓጓል፣ ከተገጠመ በኋላ ግን ሞኒተሩ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ከኤኤምዲ ወገን ራይዘን 5 5600 ጂን ይውሰዱ፤ በዚህ ትውልድ ጂ የሚለው ፊደል ምስል ማውጣት እንደሚችል ይነግርዎታል።

*ማዘርቦርድ።* ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ ነው። ለኢንቴሉ ኤች 610፣ ለኤኤምዲው ኤ 520 ወይም ቢ 550። ኤች 610 በሁለት ዓይነት ይመጣል፤ አንዱ ዲዲአር 4፣ ሌላው ዲዲአር 5 ራም ይቀበላል። በራሞቹ ጥርሶች መሐል ያለው ክፍተት ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ውስጥ አይገባም። ካርቶኑ ላይ ያንብቡ። ሞኒተሮችዎ አሮጌ ከሆኑና ቪጂኤ የሚባለውን የቆየ የምስል ገመድ ብቻ የሚቀበሉ ከሆነ ቦርዱ ያ መውጫ እንዳለው ያረጋግጡ።

*ራም።* 16 ጊጋባይት፣ ሁለት ባለ 8። አንድ ባለ 16 ይሻላል የሚል ባለሙያ አለ፤ እኔ ሁለቱን የምመርጠው አንዱ ሲሞት በሌላው ሥራው እንዳይቆም ነው።

*ማከማቻ።* 500 ጊጋባይት ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው፣ ቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚገባ ፈጣን ዲስክ)፣ በታወቀ ስም። ዊንዶውስን በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ አይጫኑ። ቢሮዎች «ኮምፒውተሩ ዘገየ» እያሉ ፕሮሰሰር የሚቀይሩት ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የዲስኩ ሆኖ ሳለ ነው።

*ፓወር ሰፕላይ።* ገንዘብዎን እዚህ ላይ አይቆጥቡ። ከላይ የተዘረዘረው ኮምፒውተር ሙሉ ሥራ ላይ ሆኖ እንኳ 150 ዋት አይደርስም፤ ስለዚህ የዋቱ ብዛት አያሳስብዎ። ጥራቱ ያሳስብዎ። ከ400 እስከ 450 ዋት የሆነ፣ 80 ፕላስ ብሮንዝ የሚል የኃይል ቁጠባ ማረጋገጫ ያለው ይግዙ። «500 ዋት» ተብሎ ከርካሽ ኬዝ ጋር የሚመጣውን በእጅዎ ያንሡት፤ ቅለቱ ከውስጡ ምን ያህል እንደጎደለ ይነግርዎታል። መብራት በሚመላለስበት ከተማ እንዲህ ያለው ዕቃ ሲቃጠል ማዘርቦርዱንና ዲስኩንም ይዞ ሊሄድ ይችላል።

*ኬዝ።* ፊቱ ወንፊት ያለው፣ አቧራ የሚይዝ ማጣሪያው ተነቅሎ የሚታጠብ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ያው ማራገቢያ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ያነሰ ሙቀት ያወጣል። በመስታወት የታሸገ ኬዝ ያምራል፤ ለቢሮ ግን አይሆንም።

*መለዋወጫ።* ለአምስቱ አንድ ተጨማሪ ፓወር ሰፕላይ፣ አንድ ራምና አንድ ኤስኤስዲ። ሰኔ መጨረሻ ሒሳብ በሚዘጋበት ሳምንት ገበያ ወጥቶ ፓወር ሰፕላይ መፈለግ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ይህን ወጪ አይከራከርም።

ያገለገለ ይሻላል ወይ? ከዱባይ የሚመጡት ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኤሊትዴስክ ጠንካራ ናቸው፤ ዋጋቸውም ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይጠብቁ፦ ኢንቴሉ 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ከዚያ በታች ያሉትን ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበላቸውም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የአብዛኞቹ ፓወር ሰፕላይም የራሳቸው ቅርጽ ያለው ስለሆነ ከገበያ ተራ ዕቃ አይተካቸውም።

ደረጃ 3፦ መጀመሪያ አንድ ብቻ ይግዙ

መርካቶም ሆነ ቦሌ፣ አምስቱን በአንድ ቀን አይግዙ። ለአንድ ኮምፒውተር የሚሆነውን ይግዙ፣ ገጣጥመው አንድ ሳምንት ያሠሩት፣ ከዚያ አራቱን ይጨምሩ። ዕቃው ያልቃል ወይም ዋጋው ይጨምራል ብለው ከሰጉ ለቀሪው ቀብድ ይክፈሉና የእያንዳንዱን ክፍል ሙሉ የሞዴል ስም በጽሑፍ ያስፈርሙ። «ያው ነው» ተብሎ የሚሰጥ ምትክ ያው አይደለም።

- ደረሰኙ በድርጅቱ ስምና በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ይቆረጥ።
- የዋስትናው ጊዜ በወራት፣ መለወጥ ይሁን መጠገን ተለይቶ ይጻፍ።
- የእያንዳንዱን ክፍል መለያ ቁጥር ሱቁ ውስጥ ሳሉ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። ዕቃ ሲመልሱ «ከእኔ አልተገዛም» የሚለውን ክርክር የሚዘጋው ይህ ነው።
- የኢንቴል ማዘርቦርድ ሲገዙ የፕሮሰሰሩን መቀመጫ ከፍተው በብርሃን ይመልከቱ። ከጥቃቅን እግሮቹ አንዱ እንኳ ከተጣመመ አይረከቡ።

ደረጃ 4፦ ጠረጴዛውን ያዘጋጁ

ባለ መስቀል ጫፍ ካቻቢቴ፣ የእጅ ባትሪ፣ ብሎን የሚያስቀምጡባቸው ሁለት ስኒዎች፣ ነጭ ላጲስ፣ ንጹሕ ጨርቅ። ምንጣፍ ላይ ቆመው አይሥሩ። በበጋ አየሩ ሲደርቅ ከሰውነትዎ የሚወጣው ጥቃቅን ኤሌክትሪክ ሳይሰማዎት ራም ሊያበላሽ ይችላል። የሱፍ ሹራብዎን ያውልቁ፤ ክፍል ከማንሣትዎ በፊት ሁሉ ያልተቀባ ብረት ይንኩ።

ማስጠንቀቂያ። ፓወር ሰፕላዩ ጀርባ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማንሸራተቻ ካለው 230 ላይ መሆኑን አሁኑኑ ይመልከቱ። 115 ላይ እያለ በእኛ መስመር ላይ ከተሰካ ይፈነዳል። እኔ አንድ ጊዜ ሳላይ ሰክቼ ክፍሉ በጭስ ሞልቷል፤ ማዘርቦርዱም አልተረፈም። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ደግሞ በፍጹም አይክፈቱ፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ገዳይ ኃይል ይዞ ይቆያል።

ደረጃ 5፦ ከኬዝ ውጪ ያስነሡት

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህን ደረጃ ነው፤ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ የሚያተርፈውም ይህ ነው።

1. ማዘርቦርዱን የመጣበት ካርቶን ላይ ያድርጉት።
2. የኢንቴሉን መቀመጫ ማንሻ ይክፈቱ። የፕሮሰሰሩን ወርቃማ ሦስት ማዕዘን ከቦርዱ ምልክት ጋር አገጣጥመው ሳይጫኑ ያስቀምጡት። ማንሻውን ሲመልሱ ጠንከር ይላል፤ ጥቁሩ ፕላስቲክ ክዳንም በራሱ ይዘላል። ክዳኑን አይጣሉ፤ ዋስትና ሲጠየቅ ይፈለጋል። በራይዘን 5600 ጂ እግሮቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ነው፤ በክብደቱ ብቻ ካልገባ አቅጣጫው ተሳስቷል፣ አይጫኑት።
3. ማቀዝቀዣውን ያስቀምጡ። ከካርቶኑ የወጣ አዲስ ማቀዝቀዣ ሥሩ ላይ ግራጫ ቴርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ተቀብቶ ይመጣል፤ በጣትዎ አይንኩት፣ ሌላም አይጨምሩ። የኢንቴሉን አራት እግሮች በሰያፍ ይጫኑ፦ አንዱን፣ ከዚያ በሰያፍ ትይዩ ያለውን። እያንዳንዱ ቀጭ ማለት አለበት። ከዚያ ቦርዱን ገልብጠው አራቱም ጥቁር ጫፎች በጀርባ መውጣታቸውን ይዩ። ማራገቢያውን «ሲፒዩ ፋን» የሚለው ቦታ ላይ ይሰኩ።
4. ራሙን በሁለቱም ጎን ቀጭ እስኪል ይጫኑ። ቦርዱ አራት ማስገቢያ ካለው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጥሩ 2ኛውንና 4ኛውን ይጠቀሙ።
5. ኤስኤስዲውን አዘንብለው ያስገቡ፣ ወደ ታች ጋደም አድርገው በትንሿ ብሎን ያጥብቁ። ይህች ብሎን ከቦርዱ ጋር በትንሽ ከረጢት ስለምትመጣ ካርቶኑን ሳያራግፉ አይጣሉ።
6. ከፓወር ሰፕላዩ ሁለት ገመዶች ይሰኩ፦ ሰፊውን ባለ 24 እና ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለውን ባለ 8።
7. ሞኒተሩን ከማዘርቦርዱ ጋር አገናኝተው ኃይል ይስጡ። «ፓወር ኤስደብልዩ» የሚሉትን ሁለት እግሮች ብቻ በካቻቢቴ ጫፍ ለአንድ አፍታ ያነካኩ።

አዲስ ቦርድ ራሙን እስኪለማመድ አንድ ሁለት ደቂቃ ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል። በዚህ ሰዓት ተሸብረው አያጥፉት።

ምስል ካልመጣ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ፤ በእያንዳንዱ መሐል ኃይሉን ይንቀሉ።

- ማራገቢያው ይዞራል፣ ምስል የለም፦ ባለ 8 ገመድ ተረስቷል። ከምንም በላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው።
- ገመዱ አለ፣ አሁንም የለም፦ አንዱን ራም አውጥተው በአንዱ ብቻ ይሞክሩ፣ ከዚያ ቦታ ይቀያይሩ። ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ በቀስታ ጠርገው ፍርፋሪውን ያራግፉ።
- እንደገና የለም፦ ክቧን የቦርድ ባትሪ ለአምስት ደቂቃ አውጥተው ይመልሱ።
- ጭራሽ ምንም የማይንቀሳቀስ ከሆነ፦ መለዋወጫውን ፓወር ሰፕላይ ይሞክሩ።
- ይህ ሁሉ ካልሠራ ቦርዱን ወደ ሱቁ ይመልሱ። ገና ኬዝ ውስጥ ስላልታሰረ የብሎን ጭረት የለበትም፤ ለመመለስም አያከራክርም።

ደረጃ 6፦ ኬዝ ውስጥ ያስገቡት

በመጀመሪያ ከቦርዱ ጋር የመጣውን ስስ የጀርባ ቆርቆሮ ከኬዙ ውስጥ ወደ ውጭ ገፍተው ያስገቡ፤ ጠርዙ ይቆርጣል፣ ይጠንቀቁ። ቆርቆሮው ከተረሳ በኋላ ትዝ የሚለው ሁሉም ነገር ከታሰረ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ቦርዱ የሚያርፍባቸውን የናስ እግሮች ይቁጠሩ። ከቦርዱ ቀዳዳ ሥር ያልዋለ ትርፍ እግር ካለ ይንቀሉት፤ ያ እግር የቦርዱን ጀርባ ነክቶ ያቃጥለዋል። ብሎኖቹን ሁሉንም በልል ካስገቡ በኋላ በሰያፍ ያጥብቁ። ጉልበት አያስፈልግም።

ከኬዙ ፊት የሚመጡት ቀጫጭን ሽቦዎች ብዙ ሰው ያስቸግራሉ። የማብሪያውና የዳግም ማስነሻው ሽቦ አቅጣጫ የለውም፤ የመብራቶቹ አለው፣ ሲገለበጥ መብራቱ አይበራም እንጂ ምንም አይጎዳም። የፊት ዩኤስቢና የድምፅ መሰኪያዎች ግን ይመሳሰላሉ። የሚለዩት በጎደለው አንድ ቀዳዳ ቦታ ነው። አልገባ ያለውን አይግፉ፤ የቦርዱን መጽሐፍ ይክፈቱ።

ገመዶቹን ከማራገቢያው አርቀው ይሰሩ። ኬዙን ሳይዘጉ እንደገና ያስነሡ። ውጪ ሠርቶ ውስጥ ካልሠራ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ወይ የናስ እግር ነው ወይ የማብሪያው ሽቦ፤ መጀመሪያ እነዚህን ይዩ።

ደረጃ 7፦ ባዮሱን ያስተካክሉ

ባዮስ ዊንዶውስ ከመጀመሩ በፊት የሚከፈት የቦርዱ ማስተካከያ ገጽ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ «ዲሊት» የሚለውን ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑ።

- ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ክፍል ያብሩ። በኢንቴል ፒቲቲ፣ በኤኤምዲ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ይገኛል።
- መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዳይነሣ ያድርጉ። መብራት ሲመለስ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ቮልቴጅ የሚረበሽባቸው ናቸው፤ በዚያ ቅጽበት አምስት ኮምፒውተር አብሮ መነሣት የለበትም።
- ራሙን ከመደበኛው ፍጥነት በላይ የሚያሠራውን ምርጫ አይንኩ። ለደብዳቤና ለሒሳብ የሚያተርፍልዎ ነገር የለም።

ደረጃ 8፦ ዊንዶውስና አማርኛ

መጫኛውን ከማይክሮሶፍት ገጽ በፍላሽ ያውርዱ። የቦርዱን የኔትወርክ ሾፌር (የኔትወርክ ክፍሉን የሚያሠራውን ድራይቨር ፕሮግራም) በሌላ ፍላሽ አስቀድመው ይያዙ፤ ዊንዶውስ 11 ሲጫን ኢንተርኔት ይጠይቃል፣ ሾፌሩ ከሌለ ደግሞ ኢንተርኔት የለም፤ ብዙ ሰው እዚያው ቆሞ ይቀራል።

ዊንዶውስን «የሚያነቃ» የተሰረቀ ፕሮግራም አይጠቀሙ። ያንን ለመጫን የቫይረስ መከላከያውን አጥፋ ይልዎታል፤ በዚያች ደቂቃ የድርጅቱን ሒሳብ ለማያውቁት ሰው ከፍተው ሰጥተዋል። ለፈቃዱ በጀት ከሌለ ጽሑፍና ሠንጠረዥ ብቻ ለሚሠሩት ጠረጴዛዎች በዊንዶውስ ምትክ ኡቡንቱ፣ ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ደግሞ ሊብሬ ኦፊስ በነጻ ይበቃሉ። ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም የሚጠቀም ሒሳብ ሠራተኛ ግን ዊንዶውስ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የዚያን ጠረጴዛ ፈቃድ ይግዙ።

የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ ላይ ያድርጉ፤ ሰዓታችን አንድ ነው። አማርኛ የቁልፍ ሰሌዳ ይጨምሩ። ለሠራተኛው የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሌለው መግቢያ ይፍጠሩ፤ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል እርስዎ ይያዙት።

ደረጃ 9፦ ለሠራተኛ ከመስጠትዎ በፊት ይፈትኑት

ራም የሚፈትሸውን ሜምቴስት 86ን ከፍላሽ አስነሥተው ሌሊቱን ያሳድሩት። አንድ ስህተት እንኳ ከታየ ያ ራም ይመለሳል፤ «አንድ ብቻ ነው» አይባልም። እንዲህ ያለው ራም ነው ከሦስት ወር በኋላ የሒሳብ ፋይል የሚያበላሸው።

ኤስኤስዲውን እስኪሞላ ትላልቅ ፋይል ይገልብጡበት፣ ከዚያ ከፍተው ያንብቡ። አቅሙ የውሸት የሆነ ዲስክ የሚጋለጠው ሲሞላ ብቻ ነው።

ፕሮሰሰሩን ለግማሽ ሰዓት በሙሉ ኃይል አሠርተው ሙቀቱን ያንብቡ። ከ80 ዲግሪ ብዙም ካላለፈ ደህና ነው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ወደ 100 ከሮጠ ከማቀዝቀዣው እግሮች አንዱ አልያዘም፤ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ ማለት ነው።

ደረጃ 10፦ ዩፒኤሱን አስገብተው ስፒናውን ይንቀሉ

ለአንድ ኮምፒውተርና ሞኒተር 650 ቪኤ የሆነ፣ ቮልቴጅ የሚያስተካክል ዩፒኤስ ይበቃል። መጀመሪያ ሌሊቱን ሙሉ ይሙላ። ሌዘር ፕሪንተር በፍጹም አይሰኩበት፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ዩፒኤሱን ያደክመዋል።

ከዚያ አንድ ተራ ጽሑፍ ከፍተው የዩፒኤሱን ስፒና ከግድግዳው ይንቀሉ። ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ መቆየት አለበት። ስንት ደቂቃ እንደቆየ ይመዝግቡ። ወዲያው ከጠፋ ወይ ባትሪው ደካማ ነው፣ ወይ ዩፒኤሱ የሚያወጣው የኃይል ሞገድ ከፓወር ሰፕላዩ ጋር አልተስማማም። በመጀመሪያው ኮምፒውተር ይህ ከታየ ሌሎቹን አራት ከመግዛትዎ በፊት የዩፒኤሱን ሞዴል ይቀይሩ። አንድ ብቻ መጀመሪያ ይገዛ ያልኩት ለዚህም ነው።

ሠራተኞችዎን በግልጽ ያስጠንቅቁ፦ ዩፒኤስ መብራት ሲሄድ ሥራ ለመቀጠል አይደለም፤ አስቀምጦ ለማጥፋት ነው። ጀነሬተር ካለ ከተነሣ በኋላ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ።

ደረጃ 11፦ ቅጂና መዝገብ

ለቢሮው ፋይሎች ቅጂ ሁለት ውጫዊ ዲስክ ይግዙ። አንዱ በዚህ ሳምንት፣ ሌላው በሚቀጥለው ሳምንት ይገልበጥበት፤ ያልተያዘው ሁልጊዜ ከቢሮው ውጪ ይደር። በወር አንድ ጊዜ ከቅጂው ላይ አንድ ፋይል መልሰው ይክፈቱ። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም።

በእያንዳንዱ ኬዝ ጎን ወረቀት ይለጥፉ፦ የኮምፒውተሩ ቁጥር፣ የተገዛበት ቀን፣ ዋስትናው የሚያልቅበት ቀን፣ የዩፒኤሱ ባትሪ የተገባበት ቀን። ባትሪው ሦስት ዓመት አካባቢ ሲሞላው፣ ገና ሳይሞት ይቀይሩት።

አቧራውን በግንቦት ያጽዱ፤ የበጋው አቧራ ተጠራቅሟል፣ የሰኔው ጥድፊያ ገና አልጀመረም። ኮምፒውተሩን ነቅለው ወደ ውጪ ያውጡ፤ ማጣሪያውን ይጠቡና በደንብ ያድርቁ፤ ሲነፉ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣትዎ ይያዙት። በዚያው ቀን መለዋወጫውን ፓወር ሰፕላይ ከካርቶኑ አውጥተው በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ይሞክሩትና ወደ ቦታው ይመልሱት።